ስሜነህ የቀጠረው ሳር

ስሜነህ መካኒኩ ባለፈው ክረምት ከነጋራዡ ሊነቀል ለጥቂት ነው የተረፈው። ያስተረፈው ሳር ነው። ሌላ ሳር አይምሰላችሁ፤ ይኸው ለዓውደ ዓመት የምንጎዘጉዘው ቄጤማ። ያየሁትን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ ከዘሀቢያ ሰምቼ አጣርቻለሁ። ዘሀቢያ ከመናኸሪያው በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ራዲዮ አንዳንዴ ይበላሻል፤ ዘሀቢያ ግን ተበላሽታ አታውቅም።

ጋራዡ ያለው ከኮኪት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከሰፈራችን በላይ በኩል ነው። ክረምት ሲገባ ትራክተሩ ሁሉ እዚያ ይሰለፋል፤ ዲስኩ የተሰበረ፣ ጎማው የፈነዳ፣ ፊልትሮው የተደፈነ። ስሜነህ ሲፈታ ሲገጥም ይውላል። ድሮ ከዳባት ሰሊጥ ሊያጭድ ነበር የመጣው፤ አንድ ቀን ከተበላሸ ትራክተር ስር ገብቶ ሲነካካ በዚያው ቀረ። እጁ ወርቅ ነው ይላሉ። ወርቅነቱን እንጃ፣ መልኩ ግን ከሰል ነው። አርባውን አልፎም ሚስት አላገባም። "ትራክተር አግብቷል" ነው የሚባል።

እንግዲህ እዚያ ትራክተር ይታጠባል፣ ዘይት ይቀየራል። ዝናብ ሲመጣ ያ ሁሉ ናፍጣ ወዴት ይሄዳል? ቁልቁል ነዋ። ቁልቁል ያለው ደግሞ የእኛ ኩሬ ነው። ልብሳችንን የምናጥብ ከዚያ፣ ፍየሎቹ የሚጠጡ ከዚያ፣ ስርጉትም ባሚያዋንና ከርከዴዋን የምታጠጣ ከዚያ።

ስርጉት ከኔ ቤት ቀጥላ ያለች ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልቧ ደግ ነው፤ ምላሷ ግን አዲስ የተሞረደ ማጭድ ነው። ሰኔ ላይ ባሚያዋን ሸሕዲ ገበያ ወስዳ ሸጠችና ተመለሰች። በሚቀጥለው ገበያ ከሷ የገዙት ሴቶች ወጡን ከነድስቱ ይዘው ጠበቋት። "እስቲ ቅመሽው" አሏት። ቀመሰችው። ናፍጣ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሸሕዲ ላይ "ስርጉት ናፍጣ" ተባለች። ሌላውን ሁሉ ትችለው ነበር፤ ይቺ ስም ነች ያንገበገበቻት።

ከኩሬው አንድ ጀሪካን ቀድታ ሽማግሌዎቹ ወደሚቀመጡበት ሄደች። እኔም ተከተልኳት፤ እንዲህ ያለ ነገር ቤት ተቀምጦ አይሰማም። የሰፈራችን ዋና ሽማግሌ አያ አምባው ናቸው።

"አያ አምባው፣ አንቱ ይጠጡልኝ" ብላ ጀሪካኑን ከፊታቸው ዘፍ አደረገችው።

ክዳኑን ከፈት አድርገው አሸተቱት። "ይኼ ለትራክተር ነው እንጂ ለኔስ አይሆንም።"

"ለኔ ግን ባሚያ ሆኗል።"

ስሜነህን አስጠሩት። መሬት መሬት እያየ ቆመ። "እውነቷን ነው" አለ። "የተቃጠለውን ዘይት በርሜል ውስጥ ነው የማጠራቅም። የእጥበቱ ውሃ ግን ይፈሳል።"

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩና አያ አምባው ተናገሩ። "እስከ መስቀል ድረስ ውሃው ይጥራ። ካልጠራ ጋራዥህን ነቅለህ ከወንዙ ማዶ ትሄዳለህ።"

ስሜነህ እሺ ብሎ ማለ። ምን ያድርግ? ከወንዙ ማዶ ማለት ደግሞ ክረምት ትራክተር የማይሻገርበት ነው። ክረምት ያልሠራ መካኒክ በጋ ምን ይበላል? ዘመድ የለው፣ ማሳ የለው። ቤቱም እዚያው ጋራዡ ነው፤ ከጎማው ጋር ነው የሚተኛ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ እኔ ግቢ መጣ። ለኔ ብሎ አይደለም፤ ከኔ ቤት ለተከራየችው ለመቅዲ ብሎ ነው። መቅዲ የእርሻ ባለሙያ ናት፣ ከጎንደር የመጣች ልጅ። ግን ወደሷ የሚታለፈው በኔ በር ስለሆነ እኔም ወንበር አወጣሁ።

"መቅዲ፣ ይኼን ውሃ ምን ልጨምርበት? መድኃኒት የለውም?" አላት።

"አትጨምርበትም። ትተክልበታለህ።"

"ምን?"

"ቄጤማ። ፊላም ካገኘህ።"

ስሜነህ ወደኔ ዞረ። እኔም ወደሱ። "አንቺ ልጅ" አልኳት፣ "ሰውየው ጋራዡ ሊነቀልበት ነው፤ አንቺ ዓውደ ዓመት አደረግሽው።"

"እማማ፣ ይስሙኝማ" አለችኝ። "የቄጤማው ሥር ላይ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። ዘይቱን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ቄጤማው ቤት ይሰጣቸዋል፤ አየርም በግንዱ ያወርድላቸዋል።"

"ተከራዮች ናቸው በይኛ፣ እንዳንቺ።"

"እንደኔ።"

"እነሱስ ግቢ ያጸዳሉ።"

ስሜነህ ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ ገና ያኔ ነው ጥርሱን ያየሁት። መቅዲ መሬቱ ላይ በእንጨት ሣለችለት። መጀመሪያ ጉድጓድ፤ እዚያ ወፍራሙ ዘይት ሲንሳፈፍ ተቀድቶ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። ቀጥሎ ረጅም ሰፊ ቦይ፤ ከስሩ ጠጠርና አሸዋ፣ ከላዩ ተክሉ። ውሃው በተክሉ መሀል ቀስ እያለ እየተጓተተ ኩሬው ይደርሳል። "እንዳይሮጥ ነው ዋናው" አለችው። "ሥሩ ጋ ሲቆይ ነው የሚጸዳው።"

ስሜነህም ቆፈረ። ከወንዝ ዳር ቄጤማና ፊላ ከነሥሩ እየነቀለ በጋሪ አምጥቶ ተከለው። ሰሊጥ ሊያርሙ የመጡ የቀን ሠራተኞች በመንገዱ ሲያልፉ እየቆሙ ያዩታል። አንዱ ወሎዬ "አያ መካኒክ፣ ይኼ በስንት ወሩ ይታጨዳል?" አለው። ሰው ከት ብሎ ሳቀ። "ስሜነህ ሳር ቀጠረ" ተባለ። ይቺን ነገር ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ ዘሀቢያ የኔ ናት ትላለች፣ ውሸቷን ነው።

ስርጉትማ በላዩ ላይ መመላለስ ሆነ ሥራዋ።

"ስሜነህ፣ ሳርህ ዛሬ ሥራ ገባ ወይስ ቀረ?"

"ገብቷል። ሌሊትም አያርፍ። እንደሱ የማያርፍ ያየሁት ያንቺን ምላስ ብቻ ነው።"

"ለምላሴ ስንቅ የምታቀብለው አንተ ነህ።"

ይኼን ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈን አድርጋ ሄደች። ከነጠላው ስር ስትስቅ ግን አይቻታለሁ፤ ዓይኔ ለሩቅ ነገር ደህና ነው። ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ድሮ ትልቁን ጀሪካን ነበር ወደ ኩሬው ይዛ የምትወርድ። ክረምቱ ሲገፋ ትንሿን መያዝ ጀመረች። በትንሿ ደግሞ ብዙ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል። ለዘሀቢያ ነገርኳት። "ወላሂ ወገቧን አሟት ይሆናል" አለችኝ። ወገብ ብሎ ነገር የለም አልኳት።

ሐምሌ አልፎ ነሐሴ ሲደርስ ቄጤማው ያን ጥቁር ውሃ እየጠጣ ሰው አከለ። ስሜነህ ማለዳ ማለዳ ልትወልድ እንደተቃረበች ላም ዙሪያውን ሲዞረው ነበር። ከላይ የሚገባው ውሃ እንደ ሻይ፣ ከታች የሚወጣው ግን እየነጣ፣ እየነጣ። ኩሬው ላይ የነበረው እንደ ቀስተ ደመና የሚያብለጨልጭ ነገርም ሳሳ። ሽማግሌዎቹ ግን መስቀል ብለው ተናግረዋል፣ እስከ መስቀል አያዩትም።

ከዚያ ዮሐንስ ደረሰ።

እንደምታውቁት ለዘመን መለወጫ ቄጤማ ያልተጎዘጎዘበት ቤት ፊቱን እንዳልታጠበ ሰው ነው። ሁልጊዜ ሴቶቹ ከወንዙ ዳር ነው የሚያጭዱ። ያን ዓመት ወንዙ ሞልቶ ዳሩን ሁሉ ውጦታል። እና ቄጤማ ከየት ይምጣ? በሰው አጥር ውስጥ ገብቶ ሳር ያጨደ ሌባ ነው፤ ውሃ ላይ የበቀለ ቄጤማ ግን በኛ አገር የማንም አይደለም፣ የቀደመው ያጭደዋል። ይኼ ከእናቶቻችን የመጣ ነው። ስርጉት ቀደመች። ሌሎቹም ማጭዳቸውን ይዘው ተከተሏት። ገና ጎህ ሲቀድ አጭደው፣ እስር እስሩን ተሸክመው፣ እየዘፈኑ ወደየቤታቸው ገቡ። ዘሀቢያም ለጎረቤት ወግ ተብሎ አንድ እስር ደረሳት።

ስሜነህ ረፈድ ሲል ሊያየው ወረደ። ቦዩ የተላጨ ራስ መስሏል። ፊላው ብቻ እዚህም እዚያም ቆሟል።

እኔ ቤት ሲገባ ሰላምታም አልሰጠኝ። በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። "እማማ፣ አለቀልኝ።"

"ምን ሆንክ?"

"ሠራተኞቼን አጭደው ወሰዷቸው።"

መቅዲ ለበዓሉ ጎንደር እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ስልኳን ደወልንና ድምፁን ከፍ አደረግነው።

"መቅዲ፣ ቄጤማው የለም" አላት። "ለዓውደ ዓመት ጎዘጎዙት።"

"ነቀሉት ወይስ አጨዱት?"

"አጨዱት።"

ሳቀች። ስሜነህ ስልኩን ሊወረውረው ነበር፣ እኔ ያዝኩት። "ሥሩ ካለ ሥራው አለ" አለችን። "እኔስ እናጭደዋለን ልልህ ነበር። ያረጀው ሲታጨድ አዲሱ በደንብ ይበቅላል። አሁን አንድ ነገር ብቻ ስማኝ። የነሐሴ ዝናብ ቦዩን ሲያጥለቀልቀው ዘይቱ ግንዱ ላይ ተለጥፏል። ያን ሳር ጥጃም ፍየልም እንዳይበላው። ከየቤቱ ይሰብሰብና አንድ ቦታ ይከመር፤ እኔ ስመጣ እንቀብረዋለን። ዛሬውኑ ይሁን።"

ስልኩ ተዘጋ። "እንዴት ብዬ ነው በዓውደ ዓመት ከየሰዉ ወለል ላይ ሳር የምለቅም?" አለ ስሜነህ። "ደግሞስ ሳሩ ታጨደ ሲባል ሽማግሌዎቹ ከሰሙ፣ መስቀልንም አይጠብቁኝ። ኻላስ፣ አለቀ ይሉኛል።"

"ተወው" አልኩት። "መጀመሪያ እንብላ።"

ስርጉት የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ ለምሳ ጠርታ ነበር። ስሜነህንም ጠርታዋለች፤ የተጣሉትን ጎረቤት በዮሐንስ ትቶ መብላት ነውር ነው። ስሜነህ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከኔ ጋር መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ወለሉን አየና ቆመ። ቄጤማው ከደጃፉ እስከ መደቡ ተነጥፏል። ክንዱን ቆነጠጥኩት። "ዝም ብለህ ግባ" አልኩት። "እንዳላየህ ሁን።"

አያ አምባው ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ከመደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ጠላው ተቀዳ፣ ዶሮው ቀረበ። የቆላ ፀሐይና የቆርቆሮ ጣራ ምን እንደሚሠሩ ታውቃላችሁ። ቤቱ ጋለ። የሰዉ እግር ቄጤማውን እየረገጠ ሲያሸው ሽታው ተነሣ።

አያ አምባው አፍንጫቸውን ወዲህ ወዲያ አደረጉ። "ስርጉት፣ ኩራዝ ተደፋብሽ እንዴ?"

"የምን ኩራዝ፣ መብራት ገብቶልኝ።"

"እንዲያ ከሆነ ዶሮውን በምን ዘይት ነው የሠራሽው?"

ሰው ሁሉ የጎረሰውን ይዞ ቆመ። ከዚያ ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ ስሜነህ ዞሩ።

"እኔ አይደለሁም" አለ ስሜነህ። "ከትናንት ጀምሬ ስታጠብ ነው የዋልኩ።"

"አንተ ሳትሆን ማን ናፍጣ ሊሸት ነው?" አለች ስርጉት። "ቱታህን ከሸሚዙ ስር ለብሰኸው መጥተህ ይሆናል።"

"ነይ አሽትቺኝ።"

"ምን በወጣኝ።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ስርጉት ግን ፊቷ ቀላ። እኔም ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልሆንልህ አለኝ፤ ምላሴ ይበላኛል። ጎንበስ ብዬ አንድ ዘለላ ቄጤማ አነሣሁ። ከላይ ለምለም፣ ከታች ግንዱ ጥቁር፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ።

"አያ አምባው፣ እስቲ ይኼን ያሽትቱት። የጋቢዎንም ጫፍ ይዩት።"

ጋቢያቸው ወለሉ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሮ ጥለቱ አጠገብ ሌላ ጥቁር ጥለት አውጥቷል። ቄጤማውን አሸተቱት፣ አሁንም አሸተቱት፣ ከጎናቸው ላለው አቀበሉት።

"ከየት ያጨድሽው ነው?" አሏት።

"ወንዙ ሞልቶ..."

"ከየት ነው ያልኩሽ።"

"ከቦይ።"

"ከየትኛው ቦይ?"

ስርጉት በአገጯ ወደ ስሜነህ አመለከተች። "ከሱው።"

እዚህ ላይ ማንም አልሳቀም። አያ አምባው ስሜነህን አዩት። "እንግዲህ ሳርህ ታጭዷል። አሁን ውሃውን በምን ልታጠራው ነው?"

ስሜነህ ጠላውን አስቀመጠ። "ሥሩ አለ፣ አያ። ሥሩ ላይ ነው ሥራው። መቅዲ..." አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ተቀላቀለበት። ነፍሳት አለ፣ ተከራይ አለ፣ አየር አለ፤ ማንም አልገባው።

አያ አምባው እጃቸውን አነሡ። "ቆይ፣ ቆይ። ያንተን ነፍሳት አላውቅም። ይኼ ሳር ናፍጣ ሸቷል፤ ናፍጣው ሳሩ ላይ ነው ማለት ነው። ሳሩ ላይ ከሆነ፣ ውሃው ላይ ምን ቀረ? ተነሡ፣ እንየው።"

ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን እንደያዙ ተነሡ። ከታች፣ ቦዩ ወደ ኩሬው ከሚገባበት ዘንድ ደረስን። ከታጨደው ቄጤማ መሀል ውሃው ሳይቸኩል፣ ኩል ኩል እያለ ይወጣል። ማን ይቅዳ ሲባል ስርጉት ጣሳ ይዛ ጎንበስ አለች። እጇ ራሱ የተናደደ ይመስላል። ቀዳችና ለአያ አምባው ሰጠቻቸው።

አሸተቱት። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አዩት። ሊጠጡት ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። "አንቱ፣ መቅዲ ሳይመረመር እንዳይጠጣ ብላለች።"

"ሽታ የለውም" አሉ። "ስርጉት፣ አንቺ ነሽ የከሰስሽው። አንቺ ተናገሪ።"

ስርጉት ጣሳውን ተቀብላ አፍንጫዋን እስክታርስ ድረስ ነከረችው። ረጅም ጊዜ ቆየች። 

"ለባሚያ ይሆናል" አለች።

"እንግዲያ መስቀልን የሚጠብቅ ነገር የለም" አሉ አያ አምባው። "ጋራዥህ ባለበት ይቆይ። ሳሩን ግን እንደ በሬህ ጠብቀው። ቦዩን ባዶ ያገኘነው ቀን ተመልሰን እንመጣለን። እናንተም ሴቶች፣ ከእንግዲህ ይኼ ቄጤማ ባለቤት አለው።"

ስሜነህ ጉልበታቸውን ሊስም ወደቀ። ቀና ሲል "ናፍጣ የሸተተው ግን እኔ እንዳልነበርኩ ይታወቅልኝ" አለ።

"ዛሬ ነው እንጂ" አለች ስርጉት፣ ጣሳዋን እያንጠባጠበች። "ለነገ አትማል።"

ጋራዡ ተረፈ። የቀረው ሳሩን መሰብሰብ ነው። አያ አምባው "ይነገርና ሰው ያምጣ" አሉ። በዓውደ ዓመት፣ ጠላ በጠጣ ሰፈር፣ ንግግር ማን ይሰማል? ዘይት አለበት ብትሉት "እሺ" ብሎ ጠርጎ ከደጅ ይጥለዋል፤ ከደጅ ደግሞ ጥጃው ይጠብቃል። እውነት እግሯ አጭር ነው። ሐሜት ግን ትራክተር አይቀድመውም።

ዘሀቢያ ዘንድ ሄድኩ። "ሰማሽ?" አልኳት። "ለማንም እንዳትናገሪ።"

"ወላሂ አልናገርም።"

"ስሜነህ ጋራዡ ከተረፈለት ወዲህ ሚስት ሊያገባ ነው። 'ሳሬ ከወለሏ ላይ ያደረባት ሴት እጣዬ ናት፤ ነገ ሽማግሌ እልካለሁ' ብሏል።"

ዘሀቢያ ራሷ ወለሏን አየች። "ባሌስ?"

"እሱን ለባልሽ ነው የምትነግሪ።"

መጥረጊያዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ በኋላ እኔ ከደጄ ተቀምጬ ማየት ብቻ ነው። ባል ያላት ባሏ እንዳይሰማ ብላ፣ ልጅ ያላት ልጄን ለከሰል አልሰጥም ብላ፣ ሁሉም እየታቀፈች ወደ ጋራዡ ሽቅብ። አንዷ ብቻ መንገድ ላይ ቆማ "ጋራዡ ለዘለቄታው ቀረለት ወይስ ለጊዜው ነው?" ብላ ጠይቃኝ፣ ትንሽ አስባ፣ እሷም ወጣች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከስሜነህ በር ላይ ትራክተር የሚያህል ክምር ቆመ።

ስሜነህ ከሐሜቱ አንዲት ቃል አልሰማም። እየዞረ ክምሩን አየና ወደኔ ወረደ። "እማማ፣ ምን ብለሻቸው ነው ያመጡት?"

"ባርኬያቸው ነው።"

"ሁሉም መጥቷል። የስርጉት ብቻ ነው የቀረ።"

"ልይልህ" ብዬ ሄድኩ።

በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቄጤማው እንዳለ ነው፣ ሽታውም እንዳለ። እሷ ከመሀሉ ተቀምጣ ፀጉሯን ትሠራለች።

"ስርጉት፣ ሳሩን ምነው አልመለስሽው?"

"የምን ሳር?"

"ዘሀቢያ አልነገረችሽም?"

"ነግራኛለች። ከሰው ሁሉ በፊት ወደኔ ነው የመጣች።"

"ታዲያ?"

"ደክሞኛል፣ እማማ። ሽማግሌ ሳበላ ነው የዋልኩ። ነገ እጠርገዋለሁ።"

"ፍየልሽ ገብታ ብትበላውስ?"

"ፍየሏን አስሬያታለሁ።"

"ሽታውስ ራስሽን አያምሽም?"

"ለምጀዋለሁ" አለችና ሹሩባዋን ወደ ኋላ ጣል አደረገችው። ትንሽ ቆይታ፣ ወደኔ ሳታይ፣ "አያ አምባው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ነገ ጠዋት ከሆነ ፀሐዩ ሳይበረታ ይምጡ በይልኝ" አለች።

ከቤቷ ወጣሁ። ስለ ሽማግሌ መላክ ምን ብሎ እንደተናገረ ለራሱ ለስሜነህ ልነግረው ወደ ጋራዡ ሽቅብ ጀመርኩ።